የመጀመሪያዋ ማውንቴን፦ ባለን ገንዘብ የትኛዋን እንግዛ?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዚህ ወር በዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶች ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ብስክሌት ነው። ይሁንና በቀፊራና በዙሪያዋ ባሉ ሰፈሮች አባት ዕቁብ ሲደርሰው ወይም ልጅ በጥሩ ውጤት ክፍል ሲያልፍ በየቤቱ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ልጁ "ማውንቴን ግዙልኝ" ይላል። አባት ዋጋ ጠይቆ ይመለስና ዝም ይላል። እናት በመካከል ትገባለች። ተማሪዎቻችንም ከትምህርት በኋላ ከበው "አቦ ኡስታዝ፣ የትኛዋ ትሻላለች?" እያሉ ሲጠይቁን ቆይተዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አሻቅቧልና አንድ ጊዜ ተሳስቶ የገዛ ቤተሰብ ሁለተኛ የሚገዛበት አቅም የለውም። ስለሆነም ጉዳዩን በሰፊው እንመልከተው። ዋጋ ግን አንጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍነው መጽሔቱ ከእጃችሁ እስኪገባ ድረስ ሌላ ይሆናልና።

ባቡሩ ያልወጣው ዳገት

ድሬዳዋ የብስክሌት ከተማ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። ከተማችን የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር ሲደርስ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱን ወደ ሐረር መውሰድ ነበር። ነገር ግን ተራራው አስቸጋሪ፣ ወጪውም ከባድ ሆነና ጣቢያው ከተራራው ግርጌ በሜዳው ላይ ቀረ። ለገሀሬ የምንለውም ከዚሁ ጣቢያ የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ነው። ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያለው ሜዳ ለብስክሌት የተመቸ ሲሆን፣ በስተደቡብ ወደ ደንገጎ ቀና ስንል ግን ባቡሩ ያልደፈረው ዳገት ይጠብቀናል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን የደንገጎ መንገድ ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ማንኛውም ገዢ ከሁሉ በፊት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ "ይህች ብስክሌት የት ትሄዳለች?" የሚለው ነው። ልጁ በልቡ የሚያያት ደንገጎን ስትወርድ ነው። እውነተኛ ሥራዋ ግን ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ፣ ማታ ደግሞ እናት ከቀፊራ የምታዛቸውን ሽንኩርትና ቲማቲም መሸከም ነው። መንገዷ አስፋልት፣ ድንጋይ ንጣፍ፣ የሰፈር አቧራና የደቻቱ አሸዋ ነው። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ዓይነት ብስክሌት አይፈልጉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና የፈረስ ውድድር ያደርጉ ነበር። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ለውድድር ተቀልበውና ተገርተው የተዘጋጁት ፈረሶች ከሐፍያእ እስከ ሠኒየተል ወዳዕ ያለውን ረጅሙን ርቀት ሲሮጡ፣ ያልተዘጋጁት ግን ከሠኒየተል ወዳዕ እስከ በኒ ዙረይቅ መስጊድ ያለውን አጭሩን እንዲሮጡ ተደርጓል። ከተወዳዳሪዎቹም ወጣቱ ዓብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) አንዱ ነበሩ። ያልተዘጋጀን ፈረስ ረጅሙን መንገድ አላስሮጡትም። ወጣቶቻችን ይህን ይያዙልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ማውንቴን የሚባለው ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በምትባል ወረዳ የሚኖሩ ወጣቶች የአባቶቻቸው ዘመን የነበሩ ወፍራም ጎማ ያላቸው ከባድ ብስክሌቶችን ከአሮጌ ዕቃ መካከል እየፈለጉ በአቧራማ ተራራ ላይ ቁልቁል መውረድ ጀመሩ። ሞላ የላቸውም፤ ማርሽም አልነበራቸውም። ፍሬናቸው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ፣ በኋላው ጎማ መሐል ያለ ዓይነት ነበር። ቁልቁለቱ ከመርዘሙ የተነሳ ያ ፍሬን ግሎ ውስጡ ያለውን ግሪስ ያቃጥለው ነበርና ከያንዳንዱ ውድድር በኋላ ፈትተው ግሪሱን እንደገና መሙላት ነበረባቸው። መንገዱም "ሪፓክ" ተባለ፤ እንደገና መሙላት እንደ ማለት ነው። ጆ ብሪዝ የተባለው ከእነርሱ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ አዲስ አካል ሠራ። ውድድሩ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ገባ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ማውንቴን የተወለደችው ከአሮጌ ብረትና ከወፍራም ጎማ ነው። ሲፈትናቸው የኖረውም የቀለሙ ማማር ሳይሆን የፍሬኑ ነገር ነበር።

ዛሬ በየገበያው "ማውንቴን" ተብሎ የሚሸጠው ርካሽ ብስክሌት አብዛኛው መልኩ ብቻ ነው የማውንቴን። ከፊትም ከኋላም ሞላ አለው፣ ዲስክ ፍሬን አለው፣ "21 ማርሽ" የሚል ጽሑፍ አለው፣ ቀለሙ ዓይን ይስባል። አካሉ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። ከእነዚህ በብዙዎቹ ላይ ከመደበኛ መንገድ ውጭ እንዳይነዳ አምራቹ ራሱ ጽፎ ያስጠነቅቃል! ስሙን ማውንቴን ብሎ ተራራ አትውጣ ማለት እንግዲህ ለእኛ እንግዳ ንግድ ነው።

ሞላውን እንተወው

ገንዘቡ ውስን ለሆነ ሰው ዋናው ምክራችን ይህ ነው፦ ከኋላዋ ሞላ ያላትን አትግዙ። ጥሩ ሞላ ውድ ነው። አምራቹ በርካሽ ዋጋ ሁለት ሞላ ከሰጠ ያንን ገንዘብ ከሌላ ቦታ ቀንሶታል ማለት ነው፤ ከቸርኬው፣ ከኩሽኔታው፣ ከፍሬኑ። ርካሹ የኋላ ሞላ በያንዳንዱ ርግጫ ዝቅ ከፍ እያለ የነጂውን ጉልበት ይበላል፣ መታጠፊያው ቶሎ ይላላል፣ ብስክሌቷም መንቀጥቀጥ ትጀምራለች። ከኋላዋም ዕቃ መጫኛ ማሰር ያስቸግራል። ሞላ የሌላት ግን ብዙውን ጊዜ መጫኛው የሚታሰርበት የብሎን ቀዳዳ ይዛ ነው የምትመጣው። ለአንድ የቀፊራ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የፊቱ ሞላስ? የፊት ጎማውን የሚይዘው ባለ ሞላ ሹካ በርካሾቹ ላይ ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ጥቅሙ ግን ጥቂት ነው። ያለ ሞላ ቀጥ ያለች ከተገኘች እሰየው። ካልተገኘች የፊቱን መቀበል ይቻላል፤ የኋላውን ግን አይሆንም። በድንጋይ ንጣፍ ላይ እጅ የሚያደነዝዘውን ንዝረት የሚያበርደው በቅድሚያ ወፍራም ጎማና ልከኛ አየር ነው። ስፋቱ ወደ 2 ኢንች የሚደርስ ጎማ ድንጋይ እስኪሆን ድረስ መነፋት የለበትም። በአውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ሲጫን ጥቂት የሚሰጥ ይሁን።

ማግኔትና ሜትር

ወደ ገበያ ስትሄዱ ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። አንደኛው ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማግኔት፣ ሁለተኛው የልብስ ሰፊ ሜትር። ሻጩ ይስቅባችሁ ይሆናል፤ ይሳቅ።

ማግኔቱን መጀመሪያ አካሉ ላይ አስጠጉት። ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ይቀላል፣ አይዝግም፤ ሲሰነጠቅ ግን የሰፈር ብየዳ አያድነውም። የብረት አካል ይከብዳል፣ ሆኖም ጥሩ በያጅ ካለ ሊጠገን ይችላል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ብስክሌት የብረት አካል ነውር የለውም። ቀጥሎ ማግኔቱን ቸርኬው ላይ አስጠጉት። እዚህ ላይ ፍርዱ ይገለበጣል። ቸርኬው አልሙኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ ማግኔት አይያዘው። ምክንያቱም ፍሬኑ ቸርኬውን የሚጨብጥ ዓይነት ከሆነ፣ የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ውሃ ሲነካው የፍሬኑ ጎማ ያንሸራትተዋል። ድሬ ላይ ዝናብ ብዙ አይደለም ትሉ ይሆናል። የደንገጎ ጭጋግና ካፊያ ግን ማንንም አይጠብቅም።

ፍሬንን በተመለከተ ወጣቶቹ ከእኛ ጋር አይስማሙም። ዲስክ ይወዳሉ። ጥሩ ዲስክ ጥሩ ነው፤ አንክድም። በርካሽ ብስክሌት ላይ ያለው ዲስክ ግን ሳህኑ ይጣመማል፣ ያፏጫል፣ የሚበላው የፍሬን ሸራ በየዓይነቱ የተለያየ ስለሆነም ሲያልቅ የሚገጥመውን ማግኘት ያስቸግራል። ከሁለት ወገን ቸርኬውን የሚጨብጠው ቀላሉ ፍሬን ግን ጫማው ርካሽ ነው፤ ልጁም ራሱ በአንድ ቁልፍ ይቀይረዋል። ሲያልቅም በዓይን ይታያል። ለአንድ አባት በዓይን የሚታይ ፍሬን ከማይታየው ይሻለዋል።

ሜትሩ ለጎማው ሳይሆን ለልጁ ነው። ለዒድ ልብስ ስንገዛ "ያድግበታል" ብለን አንድ ቁጥር ጨምረን የምንገዛው ነገር አለ። ሱሪ ቢረዝም ይታጠፋል። ብስክሌት ግን አይታጠፍም። ልጁ በሁለት እግሩ መሬት ረግጦ፣ የአካሉን የላይኛውን ዘንግ በእግሮቹ መካከል አድርጎ ሲቆም ከዘንጉ በላይ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቦታ ይኑር። ተቀምጦ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበቱ ጥቂት ብቻ ይታጠፍ። መቀመጫውን የያዘው ቧንቧ ላይ ከዚህ በላይ አይውጣ የሚል ምልክት አለ፤ ልጁ በዛሬ ቁመቱ እዚያ ምልክት ላይ የሚደርስ ከሆነ ለዕድገቱ ምንም አልተረፈውም። መቀመጫው ዝቅ ብሎ ተስማምቶት ወደ ላይ የሚወጣ ጥቂት ቦታ ከቀረለት ግን ሁለት ሦስት ዓመት ታገለግለዋለች፣ ኢንሻአላህ።

የጎማ ልክ ነገር ሰው የሚሳሳትበት ነው። "26" ብሎ መጠየቅ አይበቃም። 26 በ1.95 የሚለውና 26 በ1⅜ የሚለው ጎማ ሁለቱም 26 ቢባሉም አንዱ በሌላው ቸርኬ ላይ አይገባም። የመጀመሪያው የቸርኬ ልክ 559 ሚሊ ሜትር፣ የሁለተኛው 590 ሚሊ ሜትር ነው። ልኩ ጎማው ጎን ላይ "50-559" እየተባለ በትንሹ ተጽፏል። 27.5 የሚባለው 584፣ 29 የሚባለው ደግሞ 622 ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን ቁጥር በወረቀት ጻፉና ወደ ጎሚስታውና ወደ መለዋወጫ ሱቁ ሂዱ። ጎማውና ከመነዳሪው በሁለት ሱቅ ተሰቅሎ ካላያችሁ ብስክሌቷ ቆንጆም ብትሆን ተዉአት። ባል ያጣች ቆንጆ ትሆንባችኋለች።

ስለ ማርሽ ብዙ አንልም። 21 ማርሽ ከ18 ማርሽ በሦስት አይበልጥም፤ ብዙዎቹ ይደራረባሉ። ወሳኙ ዝቅተኛው ነው። ከፊት ትንሿ ጥርስ 28፣ ከኋላ ትልቋም 28 ብትሆን አንድ ዙር ርግጫ ባለ 26 ጎማዋን ብስክሌት 2 ሜትር ያህል ያስኬዳታል። ከፊት 42 ከኋላ 14 ሲሆን ደግሞ 6 ሜትር ያህል። ዳገት የሚወጣው በሁለቱ ሜትር ነው። ስለዚህ "ስንት ማርሽ አላት?" ከማለት ጥርሶቹን ቁጠሩ።

ያገለገለች ስንገዛ

ብዙዎቻችን የምንገዛው ያገለገለች ነው። ደግሞም እውነቱን ለመናገር በተመሳሳይ ገንዘብ ጥሩ ሆና ከተሠራች ከአሮጊቷ ጋር ርካሿ አዲስ አትወዳደርም። ችግሩ መመርመሩ ላይ ነው። በሠርግ ጥድፊያ አይገዛም፤ በቀን ብርሃን፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ጠዋት ይታይ። ከሰዓት በኋላ የበርጫ ሰዓት ሲደርስ ሻጭም ገዢም ትዕግሥት የለውም።

መጀመሪያ ከኋላዋ ቁሙና ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን እዩ። ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ አሽከርክሩ፤ በፍሬኑ ጫማና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ጠበብ የሚል ከሆነ ቸርኬው ተጣምሟል። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣት ምቱ። የላላው ድምፁ ይለያል። የፔዳሉን ክንድ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት ሳቡት፤ ቀጭ ቀጭ ካለ ውስጡ ያለው ኩሽኔታ ሄዷል። የፊቱን ፍሬን ጨብጣችሁ ብስክሌቷን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቋት፤ የመሪው አንገት መጫወት የለበትም። አካሉን በብየዳዎቹ ዙሪያ፣ በተለይ ከመሪው በታች ባለው መጋጠሚያ ላይ በጨርቅ ጠርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ካያችሁ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ።

ሰንሰለቱን በሜትራችሁ ለኩት። ከአንዱ ፒን መሐል ጀምራችሁ 24 ፒን ስትቆጥሩ ጤነኛ ሰንሰለት 30 ሴንቲ ሜትር ተኩል ላይ ያርፋል። 30.6 ካለፈ ሰንሰለቱ መቀየሪያው ደርሷል። 30.8 ከደረሰ ደግሞ የማርሹን ጥርሶችም አብሮ ጨርሷቸዋልና ሁለቱንም የመቀየሪያውን ዋጋ ከሒሳቡ ቀንሱ። ሌላም አለ። የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ በጉልበት አዙሮ ጥርሱን ያበላሸዋልና የግራውን ፔዳል ነቅንቃችሁ እዩት።

በመጨረሻም ብስክሌቷን ገልብጧት። ፔዳሎቹ በሚገናኙበት ቧንቧ ሥር ብዙውን ጊዜ መለያ ቁጥር ተመትቶ ይገኛል። ቁጥሩ በሞረድ ተፍቆ ካገኛችሁት፣ ዋጋውም ከገበያው እጅግ ከወረደ፣ ተዉት። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት የሌባው ተባባሪ መሆን ነው። አንድ ሌላ ልጅ የዒድ ሰሞን እያለቀሰባት ያለች ብስክሌት ለልጃችን በረካ አትሆነውም።

ለሻጭ የምንለው

እዚህ ላይ ለገዢ ብቻ ተናግረን ብንሄድ አድልዎ ይሆናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ውስጡ ረጥቦ ማግኘታቸው፣ ሻጩም ዝናብ ነክቶት ነው ሲል ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው መጠየቃቸውና አታላይን አጥብቀው ማውገዛቸው በሙስሊም ተዘግቧል። የተሰነጠቀ አካል ላይ ቀለም መቀባት ያው የረጠበውን እህል ከሥር መቅበር ነው። ከዚህም ይብሳል፤ የረጠበ እህል ሆድ ቢያሳምም ነው፣ የተሰነጠቀ ሹካ ግን በቁልቁለት ላይ ልጅ ይጥላል።

"እንዳለች ውሰዳት" የሚለው የገበያ ቃልም ሻጩን የሚያውቀውን ጉድለት ከመናገር ነፃ አያወጣውም። በአካባቢያችን በስፋት በሚታወቀው የሻፊዒይ መዝሀብ ሻጭና ገዢ ከተገበያዩበት ቦታ እስካልተለያዩ ድረስ እያንዳንዳቸው ውሉን የመተው መብት አላቸው። ከተለያዩ በኋላም ቀድሞ የነበረ ድብቅ ጉድለት ከታየ ገዢው መመለስ ይችላል። ግን እንዳወቀ ወዲያው ሊመልስ ይገባዋል። ጉድለቱን አውቆ ሁለት ሳምንት ሲነዳባት ከርሞ ቢመጣ መብቱን ያጣል።

በዱቤ ለሚገዙም አንድ ቃል እንጨምር። ዋጋው በእጅ በእጅ ከሚከፈለው ከፍ ያለ ቢሆንም በውሉ ጊዜ አንድ ሆኖ ከተቆረጠ አብዛኞቹ ዑለማእ ይፈቅዱታል። ቀኑ ባለፈ ቁጥር የሚጨመር ከሆነ ግን ወለድ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራህ የሚገኘው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር መሆኑን እያስታወስን "የሰፈር ልጅ ነው" ሳትሉ በወረቀት አስፍሩት። ዕቁብ ያላችሁ ደግሞ ተራችሁን ጠብቁ። አንድ ወር መዘግየት ልጅን አይገድለውም።

እህቶቻችንስ?

ይህ ጥያቄ በደብዳቤም በቃልም ይመጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋር በእግር መወዳደራቸውን፣ ግመል ጋላቢ የሆኑትን የቁረይሽ ሴቶችንም ማወደሳቸውን እናውቃለን። እህታችን ሒጃቧን ጠብቃ ወደ ትምህርት ቤቷ በብስክሌት ብትሄድ እኛ የምንቃወምበት ምክንያት አይታየንም። ለባጃጅ የሚወጣውን የየቀኑን ሳንቲም የሚያውቅ አባትም አይቃወምም። ጥንቃቄው በሌላ በኩል ነው። ሰንሰለቱን የሚሸፍን ክዳን ይኑራት፤ ረጅም ቀሚስ ከሰንሰለት ጋር አይስማማም። የላይኛው ዘንግ ዝቅ ያለባት ብስክሌት ብትሆን ደግሞ ወንድምና እህት መቀመጫውን ብቻ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ለሁለት ይጠቀሙባታል። የአንድ ቤት ሁለት ልጆች በአንድ ገንዘብ ማለት ነው። ወንድሞችም አትሳቁ፤ ሽርጥ ለብሶ ሰንሰለት የበላው ጎረምሳ በየሰፈሩ አለ።

ገንዘቡን አራት ላይ ክፈሉት

ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለብስክሌቷ አትስጡ። ከአራት እጅ ሦስቱን ለእርሷ፣ አንዱን ለተከታዮቿ አድርጉት፦ ለራስ መከላከያ ቆብ፣ ለቁልፍ፣ ለመንፊያ፣ ለትርፍ ከመነዳሪ፣ ለማስቲሽና ለልጥፍ፣ ለአንድ ጥንድ የፍሬን ጫማ። ከሁሉ አስቀድሞ ቆቡ። ሰንሰለቷን ከመኪና የወጣ ያገለገለ ዘይት አትቀቡት። ዘይቱ ቆሻሻና የብረት ብናኝ የያዘ ነው፤ የደቻቱ አሸዋ ሲጨመርበት ሞረድ ይሆናል። ጥቂት ንጹሕ ዘይት አድርጎ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ ነው።

ደቻቱን ካነሳን አይቀር፣ የደረቀውን ወንዝ በአቋራጭነት ለሚጠቀሙ ልጆች ሰማዩን ወደ ደንገጎ በኩል እንዲያዩ ንገሯቸው። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፉ ይመጣል። በ1998 ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ የከተማችንን ሰዎች መውሰዱን የቀፊራ ሰው አይረሳውም። አላህ ይዘንላቸው።

ደንገጎንም ቢሆን ፈጽሞ አትውጡ አንልም። ያልተዘጋጀው ፈረስ አጭሩን ርቀት ይሩጥ ነው የምንለው። ቢያንስ አንድ ወር ከዚራና ሳቢያን ላይ ይነዳ፤ የፍሬኑ ሽቦ አዲስ ሲሆን መጀመሪያ ላይ ይለጠጣልና ይጥበቅ፤ የላሉት ዳዶዎች ይጥበቁ። ከዚያ ከታላቅ ጋር፣ ጠዋት፣ ቀስ በቀስ ትንሽ ትንሽ ይወጣ። ሲወረድ ፍሬኑን ጨብጦ ይዞ መቆየት ቸርኬውንም ጫማውንም ያግላል። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያሉ ሁለቱንም ፍሬን መጠቀም፣ መሐል ላይም ቆሞ ማሳረፍ ነው። ጭነት ይዘው ከሚወርዱት ትላልቅ መኪናዎች ኋላ መከተል ግን የተከለከለ ይሁን።

የቀረን የእሾህ ነገር ነው። ግራሩ ሳያንስ በከተማችን ዙሪያ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ እሾህ ወፍራሙን ጎማ ሳይቀር ይበሳል። አሮጌ ከመነዳሪ አፉን ቆርጣችሁ፣ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ በውጭው ጎማና በአዲሱ ከመነዳሪ መካከል ብታነጥፉት ብዙውን እሾህ ያስቀረዋል። ከተበሳም እሾሁን ከጎማው ውስጥ በጣት ዳብሳችሁ ሳታወጡ አዲስ ከመነዳሪ አታስገቡ፤ ያው እሾህ ሁለተኛውንም ይበሳዋል። ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ጣት ላይ መጣበቁን እስኪተው ጠብቁት። በድሬ ሙቀት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ልጥፉን አስቀምጣችሁ በማንኪያ ጀርባ ጫን እያደረጋችሁ እሹት።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።